በግድግዳ ላይ የተጻፈ ማስታወቂያ

ነጋዴ በሱቁ ግድግዳ ያስጻፈው ማስታወቂያ በዝናምና በፀሐይ ሲደበዝዝ፥ ለታሪክ ይቀመጥ የሚል ሰው ጥቂት ነው። አሜሪካዊው ዎከር ኢቫንስ ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የገጠሩን ሕዝብ ችግር ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ቢላክ፥ የሱቆቹንም ጽሕፈት አብሮ ያነሣ ነበር፤ ይህስ ከትእዛዝ መውጣት ነው የሚል አለቃ መቼም አይጠፋም። በ1936 በአላባማ ባነሣው አንድ ሥዕል፥ ዓሣ በተሣለበት የመንገድ ዳር ሱቅ ፊት ሁለት ልጆች ሐብሐብ ታቅፈው ቆመዋል። ለመንግሥት ካነሣው ብዙው ዛሬ በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በስተርጅናው ግን ፎቶግራፉ አልበቃ ብሎት ሰሌዳዎቹን ራሳቸውን እየነቀለ ይወስድ ጀመር፤ በ1971 በዬል ዩኒቨርሲቲ ከሥዕሎቹ ጋራ ሰቅሎ አሳያቸው። ይህን ሥራውን አልወድለትም። የተነቀለ ሰሌዳ ከማን ደጅ እንደ መጣ አይናገርም፤ በአላባማው ሥዕል ግን ልጆቹ ገና ሐብሐባቸውን እንደ ታቀፉ ናቸው።