የቦረና አባ ገዳ አመራረጥ

የቦረና አባ ገዳ አመራረጥ በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ የሚኖሩት የቦረና ኦሮሞዎች ለስምንት ዓመት የሚመሯቸውን ሰዎች በገዳ ሥርዓት መሠረት የሚለዩበት፣ የሚፈትኑበትና ለሥልጣን የሚያበቁበት ባህላዊ ሥርዓት ነው። አባ ገዳው ብቻውን አይመረጥም። አብረውት ከሚያስተዳድሩት ጓዶቹ ጋር፣ ሥልጣን ከመረከቡ ከበርካታ ዓመታት በፊት ይታወቃል። በዚህ ምክንያት ዕጩ ማቅረብ፣ ድጋፍ ማሰባሰብና ሥልጣንን በጎሳዎች መካከል ማመጣጠን በቦረና ረጅም ታሪክ ያላቸው የፖለቲካ ጉዳዮች ናቸው። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ስብሰባ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

አካባቢው

የቦረና ምድር በዳዋ ወንዝ በሁለት ይከፈላል። ከወንዙ ምዕራብ ያለው ድሬ ሲሆን ያቤሎ፣ ዱብሉቅ፣ ሜጋና ሞያሌ በዚህ በኩል ይገኛሉ። ከወንዙ ምሥራቅ ያለው ሊበን ሲሆን ዋና ከተማው ነገሌ ቦረና ነው። አባ ገዳውና የጉባኤው አባላት በአንድ ከተማ ተቀምጠው አያስተዳድሩም፤ ቤተሰባቸውንና ከብታቸውን ይዘው በተወሰነ ጊዜ ከአንዱ የሥርዓት ቦታ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። የዘመናዊው አስተዳደር ወሰኖች በ1990ዎቹ እንደገና ሲካለሉና ከዚያም በኋላ ሲለዋወጡ የሊበን ይዞታ አከራካሪ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 ነገሌን ማዕከል ያደረገ የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲቋቋም በአጎራባቹ የጉጂ ዞን ተቃውሞ ተነሥቷል። ጉጂዎችም የራሳቸው የገዳ ሥርዓትና የራሳቸው አባ ገዳዎች አሏቸው።

ዕጩ የመሆን መነሻ

በገዳ ሥርዓት እያንዳንዱ ወንድ በዕድሜው ሳይሆን በአባቱ የገዳ ደረጃ መሠረት በአንድ የትውልድ ክፍል (ሉባ) ውስጥ ይገባል። ክፍሉ ከደበሌ ጀምሮ በገሜ፣ በኩሳና በራባ ደረጃዎች አልፎ ገዳ ወደሚባለው የሥልጣን ደረጃ ይደርሳል። አምስት የገዳ መስመሮች በየስምንት ዓመቱ ስለሚፈራረቁ የአባትና የልጅ ሥልጣን በ40 ዓመት ይራራቃል። አንድ ሉባ ሥልጣን የሚይዘው ለአንድ ዘመን ብቻ ሲሆን አባ ገዳው በድጋሚ አይመረጥም።

ስለዚህ ፉክክሩ በተለያዩ ሉባዎች መካከል ሳይሆን በአንድ ሉባ ውስጥ ነው። ተራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሚያከራክረው ከተረኛው ሉባ መሪ የሚሆነው ማን ነው የሚለው ነው። ምርጫው የሚካሄደው ተመራጮቹ ገና በኩሳ ደረጃ ላይ ሳሉ ነው። ከዚያ በኋላ ራባን አልፈው ሥልጣን እስኪይዙ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ሕግ ያጠናሉ፣ ሽማግሌዎችን ይከተላሉ፣ ሕዝቡም ይመዝናቸዋል።

ቅስቀሳው

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቦረና የመስክ ጥናት ያደረገው አንትሮፖሎጂስት አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ስለ ገዳ በሚያወሳው መጽሐፉ ምርጫው ግልጽ ፉክክር የሚታይበት መሆኑን ገልጿል። ዕጩው ራሱን በራሱ አያሞግስም፤ ጉዳዩን የሚይዙት ወገኖቹ ናቸው። ደጋፊዎች የዕጩውን ዕውቀት፣ የንግግር ችሎታ፣ ጠባይና የአባቶቹን ሥራ ይዘረዝራሉ። ለሥርዓቱ የሚያስፈልገውን ከብትና ስጦታም ያዋጣሉ። ሀብት ብቻውን መሪ አያደርግም፤ ይሁን እንጂ እንግዳ ማስተናገድና ረጅም ጉዞ ማድረግ ለመሪነት ስለሚያስፈልጉ ከብት የሌለው ቤተሰብ ይቸገራል።

ሌላው የሚመዘነው ነገር ታሪክ ነው። ቦረናዎች ዘመንን የሚቆጥሩት በአባ ገዳዎች ስም ነው። በአንድ መስመር ላይ ያለፈው መልካምም ሆነ ክፉ ነገር በዚያው መስመር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ብለው ያምናሉ፤ ይህም ዳጪ ይባላል። የዕጩው አባት ዘመን በጥጋብ ወይስ በድርቅ፣ በሰላም ወይስ በጦርነት ይታወሳል የሚለው ጥያቄ ስለዚህ በምርጫው ውስጥ ክብደት አለው።

ምርጫውን የሚከታተሉት ቃሉዎች ናቸው። ቦረና ሰቦና ጎና በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የተዋቀረ ሲሆን የሰቦው ቃሉ ከካራዩ፣ የጎናው ከኦዲቱ ጎሳ ነው። የቃሉነት ሥልጣን በዘር ይወረሳል፤ ነገር ግን ቃሉው የገዳ ሥልጣን መያዝ አይችልም። ለሥልጣን የማይወዳደር ወገን ምርጫውን እንዲመራ መደረጉ ገለልተኛነቱን ለመጠበቅ ያገለግላል። የተመራጮቹ ስም በይፋ የሚነገርበት ሥርዓት ለለባ ይባላል።

አብረው የሚመረጡት

የገዳ ጉባኤው አናት ላይ አዱላ የሚባሉ ስድስት አባላት አሉ። ከእነሱ የበላይ የሆነው አባ ገዳ አርቦራ ሲሆን ከእሱ በታች ኮንቶማ የሚል መጠሪያ ያላቸው ሁለት አባ ገዳዎች ይገኛሉ። ከአዱላዎቹ ሌላ ሃዩ ገርባ የሚባሉ የሕግ ሰዎችና ጀላባ የሚባሉ ረዳቶች ይሰየማሉ።

በብዙ አገሮች ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዕጩው ምክትሉን ራሱ ይመርጣል። በቦረና ግን አባ ገዳው ጓዶቹን አይመርጥም፤ እንደ እሱ ሁሉ እነሱም የየጎሳቸው ምርጫ ናቸው። ቦታዎቹ በሰቦና በጎና እንዲሁም በየንዑሳን ጎሳዎቹ መካከል ስለሚከፋፈሉ የአንዱ ዕጩ ማለፍ የሌላውን ዕድል ይወስናል። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ማርኮ ባሲ ቦረናዎች በጉባኤ የሚወስኑት ድምፅ በመቁጠር ሳይሆን ተወያይተው በመስማማት መሆኑን አሳይቷል። ጓዶቹ ሥልጣናቸውን ከአባ ገዳው ስላላገኙት እሱን ለመገሠጽ አይፈሩም።

ርክክብና ቁጥጥር

ሥልጣን የሚተላለፈው ባሊ በሚባለው ሥርዓት ነው። ባሊ ማለት የሰጎን ላባ ሲሆን የሥልጣን ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኩራ ጃርሶ 71ኛው፣ በ2025 ደግሞ በአሬሮ ወረዳ በተካሄደው ሥርዓት ጉዮ ቦሩ 72ኛው አባ ገዳ ሆነዋል።

በየዘመኑ አጋማሽ የሚካሄደው ጉሚ ጋዮ ከአባ ገዳው በላይ ሥልጣን ያለው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሕግ ያወጣል፣ ያሻሽላል፣ የመሪዎቹን ሥራም ይመረምራል። ጥፋት የተገኘበትን መሪ ዘመኑ ሳያልቅ ከሥልጣን ማውረድም ይቻላል፤ ይህ ቡቂሱ ይባላል። በቅርብ ጊዜ ከተካሄዱት ጉባኤዎች መካከል የ1996፣ የ2004 እና የ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) ይገኛሉ።

የሚነሡ ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር የዘር ውርስን ይመለከታል። ሊበን ጃልዴሳ የጃልዴሳ ሊበን፣ ጉዮ ጎባ የጎባ ቡሌ፣ ጉዮ ቦሩ ደግሞ የቦሩ ጉዮ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም አባቶቻቸው ከ40 ዓመት ገደማ በፊት በያዙት ሥልጣን ላይ ተቀምጠዋል። ሆኖም ከጂሎ አጋ በኋላ በዚያው መስመር የመጣው ኩራ ጃርሶ መሆኑ ሥልጣኑ የግድ ከአባት ወደ ልጅ እንደማያልፍ ያሳያል። ሁለተኛው ክርክር የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ሴቶች በሥርዓተ በዓሎቹ ውስጥ ድርሻ ቢኖራቸውም ለጉባኤው ዕጩ አይሆኑም።

ሦስተኛው አባ ገዳው ከዘመናዊው መንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የቦረና ከብት በብዛት አልቋል። ሕዝቡ አባ ገዳውን እንደ መሪው ቢያይም የዕርዳታ እህልና የበጀት ሥልጣን የነበረው በመንግሥት መዋቅር እጅ ነው።

ከፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ አብሮ የሚወዳደር ምክትል ዕጩም የለም።

የድንበሩ ወዲያኛው ወገን ግን የተለየ ነው። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንት ዕጩ ምክትሉን ከምርጫው በፊት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ለካውንቲ ገዥዎችም ተመሳሳይ ደንብ አለ። የፕሬዚዳንት ዕጩው ከግማሽ በላይ ድምፅ ከማግኘቱ ሌላ ከ47ቱ ካውንቲዎች በ24ቱ ቢያንስ 25 በመቶ ማግኘት ስላለበት ምክትሉን ብዙውን ጊዜ ከሌላ አካባቢ ይመርጣል። ቦረናዎች በሚኖሩበት የማርሳቢት ካውንቲ በ2013 የሬንዲሌ፣ የገብራና የቡርጂ ጥምረት ዋና ዋናዎቹን ቦታዎች ሲያሸንፍ ቦረናዎች ከሥልጣን ውጭ ሆኑ። በዚያው ዓመት በሞያሌ በተነሣው ግጭት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዋል። አሸናፊው ሁሉን በሚወስድበት ምርጫና ቦታዎች አስቀድመው በጎሳ በሚከፋፈሉበት ገዳ መካከል ያለው ልዩነት ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ድንበር ላይ ነው።