የሕፃናት ነቀርሳና የመንግሥት ዕውቅና

እስከ ሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ድረስ የሕፃናት ነቀርሳ በሐኪሞች ዘንድ እንኳ ተስፋ የተቆረጠበት በሽታ ነበር። የደም ነቀርሳ የያዘው ሕፃን ብዙ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታል፤ ወላጆቹም ኀዘናቸውን በቤታቸው ይዘው ይቀራሉ። ይህ ዝምታ ተሰብሮ በሽታው የመንግሥት ጉዳይ ለመሆን እንዴት እንደ በቃ በአሜሪካ ታሪክ በጉልህ ይታያል።

በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የፓቶሎጂ ሐኪም የነበረው ሲድኒ ፋርበር እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት አሚኖፕተሪን የተባለው መድኃኒት ከ16 ሕፃናት በ10ሩ ላይ ለውጥ እንዳሳየ ገለጠ። ለውጡ ለጊዜው ብቻ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ይህን ያህል እንኳ የታየ አልነበረም። ምርምሩን ለመቀጠል ገንዘብ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ በዚያው ዓመት ሜይ 22 ቀን አንድ የ12 ዓመት ታካሚ «ጂሚ» በሚል የተሰወረ ስም ከሆስፒታል አልጋው ሆኖ በሬዲዮ ለሕዝብ ተሰማ። የሚወዳቸው የቤዝቦል ተጫዋቾችም አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ ገቡ። የተጠየቀው መዋጮ 20,000 ዶላር ሲሆን የተሰበሰበው ከ200,000 ዶላር በላይ ሆነ። ልጁ፣ በእውነተኛ ስሙ አይናር ጉስታፍሰን፣ ድኖ አደገ፤ በ1998 ዓ.ም. ማንነቱ እስኪገለጥ ድረስ ግን ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ ያምን ነበር።

የሕዝቡ ርኅራኄ ወደ ሕግ እስኪሸጋገር ግን 23 ዓመት አለፈ። ፋርበርና ሜሪ ላስከር ለረጅም ጊዜ ከወተወቱ በኋላ ፕሬዚዳንት ኒክሰን የነቀርሳን ሕግ በዲሴምበር 23 ቀን 1971 ዓ.ም. ፈረሙ። ሕጉ ለሦስት ዓመት ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈቀደ፤ ዓላማው ግን ነቀርሳን በጠቅላላው መዋጋት እንጂ ለሕፃናት ብቻ የወጣ አልነበረም።

ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2010 ዓ.ም. የሴፕቴምበርን ወር ስለ ሕፃናት ነቀርሳ ግንዛቤ የሚሰጥበት ወር ብለው አወጁ። አዋጁ በሽታውን በስሙ ጠርቶ ለወላጆች ክብር ሰጠ፤ በጀት ግን አልያዘም። እዚህ ላይ ነው የዕውቅና ደካማ ጎን የሚታየው። ገንዘብ የያዘው ሕግ የወጣው በኤፕሪል 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአንጎል ዕጢ በ10 ዓመቷ በሞተችው በጋብሪየላ ሚለር ስም ተሰየመ። ለ10 ዓመት በየዓመቱ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ለምርምር እንዲውል ፈቀደ፤ ለፖለቲካ ፓርቲዎች ጉባኤ ይሰጥ የነበረውን የመንግሥት ድጎማም አስቀረ። ያም ሆኖ ገንዘቡ እጅ የሚገባው ምክር ቤቱ በየዓመቱ በበጀት ሲያጸድቀው ብቻ ነበር።