ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከተጫዋችነት እስከ አህጉራዊ አመራር

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በተጫዋችነት፣ በአሰልጣኝነትና በስፖርት አስተዳደር ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ ኢትዮጵያዊ ናቸው። በተለይም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) ለ15 ዓመታት በፕሬዚዳንትነት በመምራት ይታወቃሉ።

አቶ ይድነቃቸው ከታዋቂው ባለቅኔና ድምፃዊ ከነጋድራስ ተሰማ እሸቴ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአጥቂነት ለረጅም ዓመታት የተጫወቱ ሲሆን፣ የብሔራዊ ቡድንም አባል ነበሩ።

በአሰልጣኝነት ዘመናቸው ያስመዘገቡት ታላቅ ውጤት ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም የተገኘው ድል ነው። በእርሳቸው የሚሠለጥነውና በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት የተሰለፈው ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የፍፃሜ ጨዋታ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፏል። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያነሳችው በዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

ካፍ እ.ኤ.አ. በ1957 በካርቱም ሲመሠረት መሥራች አገሮቹ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ፣ አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን ያቀፈ ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ በዚያው ዓመት ከተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ውጪ ሆነች። በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍፃሜ አልፋ በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

የዘር መድልዎን መቃወም የአቶ ይድነቃቸው የአስተዳደር ሥራ ዋና መለያ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጆአዎ ሃቬላንጅ የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ነበር። አፍሪካውያን በምላሹ ከጠየቁት አንዱ የደቡብ አፍሪካ መታገድ ሲሆን፣ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1976 አገሪቱን ከአባልነት አሰናብቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ የዓለም ዋንጫ ተሳትፎ ነበር። ለ1966ቱ ውድድር ለአፍሪካ የተረጋገጠ ቦታ ባለመሰጠቱ የአህጉሩ አገሮች ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። በውጤቱም እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አንድ፣ የተሳታፊዎች ቁጥር ወደ 24 ካደገበት ከ1982 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ቦታ ለአፍሪካ ተሰጠ።

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ ከ1972 ጀምሮ ደግሞ የካፍ ፕሬዚዳንት በመሆን ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ሕይወታቸው እስካለፈበት ዕለት ድረስ አገልግለዋል።

ተመሳሳይ ጉዞ በሌሎች የስፖርት ዓይነቶችም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1956 የጠረጴዛ ቴኒስ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት ጃፓናዊው ኢቺሮ ኦጊሙራ፣ በአሰልጣኝነት ከሠሩ በኋላ በ1987 የዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በ1991 በጃፓን ቺባ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ሁለቱ ኮሪያዎች በአንድ ቡድን እንዲሰለፉ ያደረጉትም እርሳቸው ናቸው።

የሁለቱ ሰዎች ታሪክ እንደሚያመለክተው፣ በሜዳ የተገኘ ዝና ወደ አመራር ሊያደርስ ይችላል። በኃላፊነት ላይ ዘላቂ ውጤት የሚያስገኘው ግን በመርሕ መጽናትና በትዕግሥት መደራደር ነው።