ምንጭን ስለ መጥቀስ፤ ኢዮብ ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ

የኮሌጅ ተማሪ የጥናት ጽሑፉን ለመምህሩ ባቀረበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ይህን ከየት አገኘኸው?» ተብሎ ነው። ነገሩ ከመጽሐፍ የተገኘ እንደ ሆነ መልሱ አያስቸግርም፤ የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን አርእስት፣ የታተመበትን ከተማና ዘመን፣ የገጹንም ቍጥር በግርጌ ማስታወሻ ማስፈር ይበቃል። ከሰው አፍ የተሰማ በሆነ ጊዜ ግን ብዙው ጸሐፊ «ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት» ብሎ ያልፋል። እነዚያ ሽማግሌዎች እነማን እንደ ሆኑ፣ የት እንደ ተወለዱ፣ የተናገሩትንም በዓይናቸው አይተውት ይሁን ከአባቶቻቸው ሰምተውት አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። ከሰው የተሰማ ቃል በምን ዐይነት ጥንቃቄ ሊጠቀስ እንደሚገባው፣ ኢዮብ ሉዶልፍ በ17ኛው መቶ ዓመት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ የሠራው ሥራ ያሳያል።

ሉዶልፍ በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ በ1624 ዓ.ም. ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ግእዝን በወጣትነቱ በመጽሐፍ ጀምሮ፣ በ1649 ዓ.ም. በስዊድን ቤተ መንግሥት ጕዳይ ሰነድ ሊፈልግ ሮማ በሄደ ጊዜ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ገዳም የተጠጉ ኢትዮጵያውያንን አገኘ። ከነርሱም አንዱ በአማራ አገር የመካነ ሥላሴ ሰው የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያን ወገን ቆመው ስለ ነበር፣ በ1632 ዓ.ም. የተዋሕዶ ሃይማኖት ተመልሶ ዐፄ ፋሲለደስ ከነገሡ በኋላ ተሰደው የወጡ ነበሩ። በ1652 ዓ.ም. የጎታው መስፍን ኤርንስት ወደ ቤተ መንግሥቱ ስለ ጠራቸው፣ በዚያ ዓመት በጋ ከሉዶልፍ ጋራ ተቀምጠው የአገራቸውን ሥርዐት፣ መልክዐ ምድርና ቋንቋ አስረዱት። ከተለያዩም በኋላ በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

ሉዶልፍ በ1681 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በላቲን ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ በአብዛኛው በእኒህ ሰው ቃል የተመሠረተ ነው። ይህንንም አልሸሸገም። ከመቅድሙ ጀምሮ ስማቸውን ይጠራል፤ በመጽሐፉም ውስጥ ነገሩን ከጎርጎርዮስ እንደ ሰማው በየስፍራው ይናገራል። አንባቢውም በዚህ ምክንያት እያንዳንዱን ቃል ሊመዝነው ይቻለዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ የአማራ ሰው ስለ ማሕሌትና ስለ ጾም የሚናገረው አንድ ክብደት አለው፤ ባላየው ጠረፍ ስላሉት አገሮች የሚናገረው ሌላ ክብደት አለው። ስለ ኢየሱሳውያን የሚናገረው ደግሞ፣ ስደት የወጣበት ነገር ስለ ሆነ፣ በሌላ ሚዛን ይታያል። ሉዶልፍ «አንድ ሐበሻ ነገረኝ» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ሚዛን ይጠፋ ነበር። ስለዚህ የነጋሪን ስም መጥቀስ የምስጋና ጕዳይ ብቻ አይደለም።

ከታተመ መጽሐፍ በሚጠቀስበት ጊዜም ቢሆን ነገሩ ተማሪው እንደሚያስበው ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ሌላ በ1660 ዓ.ም. የታተመውን የባልታዛር ቴሌዝን መጽሐፍ ተጠቅሟል። ቴሌዝ ግን ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ መጽሐፉም፣ ራሱ እንደ ገለጠው፣ ማኑኤል ደ አልሜዳ የጻፈውን አሳጥሮ ያቀረበበት ነው። አልሜዳም ምንም እንኳ በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ቢሆን፣ ከርሱ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ የጻፈውን በብዙ ስፍራ ተከትሏል። ስለዚህ አንድ ተማሪ አንዱን ነገር ከሉዶልፍም፣ ከቴሌዝም፣ ከአልሜዳም፣ ከፓኤዝም አግኝቶ «አራት ምስክሮች ተስማምተዋል» ብሎ ቢጽፍ፣ ምናልባት ያገኘው አንዱን ምስክር አራት ጊዜ ይሆናል። የፓኤዝና የአልሜዳ ጽሑፍ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቤካሪ በሮማ እስኪያሳትማቸው ድረስ ይህን ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ዛሬ ግን መጽሐፎቹ በቤተ መጻሕፍት ስለሚገኙ ያላዩትን መጽሐፍ እንዳዩት አድርጎ መጥቀስ ምክንያት የለውም።

ሉዶልፍ ራሱም ሌላ ሰው በሥራው እጁን ሲያስገባበት ምን እንደሚመስል ቀምሶታል። የግእዝ መዝገበ ቃላቱ በ1661 ዓ.ም. በለንደን ሲታተም፣ ኅትመቱን እንዲቈጣጠር የላከው ደቀ መዝሙሩ ቫንስሌብ የራሱን ጭማሪ አገባበት። የማን ቃል የማን እንደ ሆነ ስለ ተደባለቀ ሉዶልፍ እጅግ አዘነ፤ በ1699 ዓ.ም. መዝገበ ቃላቱን አርሞ እንደ ገና አሳተመው።

የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ያደረገው ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ ይዞ ወደ ጎንደር መጣ። በኖቬምበር ወር 1770 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜ ባሉጋኒ አብሮት ነበር፤ በሚቀጥለውም ዓመት በጎንደር ሞተ። ብሩስ በ1790 ዓ.ም. በአምስት ቅጽ ባሳተመው የጉዞ ታሪኩ፣ ከምንጩ አጠገብ በቆመበት ቀን ባሉጋኒ የለም። ሠዓሊው የደከመባቸውንም ሥዕሎች እንደ ራሱ አድርጎ አቀረበ። ባሉጋኒ በኢጣልያንኛ የያዘው ማስታወሻ ከብሩስ ወረቀቶች መካከል ስለ ተገኘ እውነቱ በኋላ ታወቀ። እንግሊዞች የብሩስን ታሪክ በተጠራጠሩት ጊዜ አብሮት ያየውን ሰው ሊጠራ ይችል ነበር፤ ምስክሩን የሰረዘው ግን ራሱ ነው።

ምስክርን መጥራት ለአገራችን ጸሐፍት ባዕድ ሥርዐት አይደለም። የዐፄ ሱስንዮስ ታሪከ ነገሥት አባ መሐረከ ድንግል እንደ ጀመረው፣ አዛዥ ተክለ ሥላሴ ጢኖም እንደ ቀጠለው ይታወቃል። የቅኔ መምህርም ትምህርቱን ከማን እንደ ተቀበለ፣ የርሱም መምህር ከማን እንደ ተማረ ቈጥሮ ይናገራል። ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ የሚጽፍ ተማሪ እንዲሁ የነጋሪውን ስም፣ የትውልድ አገሩንና ዕድሜውን፣ ያነጋገረበትን ቀንና ቋንቋ ቢመዘግብ፣ በዚያው አገር ባህል ይሄዳል እንጂ የውጭ ልማድ አይከተልም። የተናጋሪው ፈቃድ ግን መጠየቅ አለበት፤ ስሙ እንዲጻፍ የማይወድ ሽማግሌ አይታጣምና።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ፣ መርከባቸው በሶርያ ጠረፍ በእስክንድሮና አጠገብ ተሰብሮ ሰጠሙ። የሉዶልፍ መጽሐፍ ሲታተም ከሞቱ 23 ዓመት አልፎ ነበር፤ ደራሲው የሳቸውን ቃል የራሱ ቢያደርገው በጀርመን አገር የሚከራከረው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን በ1691 ዓ.ም. ለታሪኩ ማብራሪያ የሚሆን ሁለተኛ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ የአባ ጎርጎርዮስን መልክ አስቀርጾ ከነስማቸው አብሮ አወጣው።