ቦፓል፦ ሐኪሞቹ ምንነቱን ያልተነገራቸው መርዝ



ስለ ቦፓል አደጋ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ፋብሪካው ነው። እኔ ዛሬ ሆስፒታሉን ላስቀድም እወዳለሁ።

ኅዳር 23 ቀን 1977 ዓ.ም. (ዲሴምበር 2 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.) ሌሊት፣ በህንድ ቦፓል ከተማ ባለው የዩኒየን ካርባይድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሜቲል አይሶሳይኔት ወደተከማቸበት አንድ ማጠራቀሚያ ውሃ ገባ። ከዚያ በተነሣው ኃይለኛ ኬሚካዊ ለውጥ 40 ቶን ያህል ጋዝ አፈትልኮ ወጣ። ጋዙ ከአየር የከበደ በመሆኑ ሽቅብ አልተበተነም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ በፋብሪካው አጥር ሥር በተጠጋጉት የድሆች ጎጆዎች ላይ ተኛ። የሚሸሽ ሰው በሮጠ ቁጥር አብዝቶ ይተነፍሳልና የበለጠ መርዝ ሳበ። ፊትን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ጉዳቱን በቀነሰ ነበር፤ ለነዋሪው ይህን አስቀድሞ የነገረው ግን አልነበረም።

ወደ ሐሚዲያ ሆስፒታል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጎረፉ፤ ዓይናቸው የተቃጠለ፣ ሳንባቸው ፈሳሽ የሞላ። የጋንዲ ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች ሳይቀሩ ለርዳታ ተሰለፉ። ሐኪሞቹ ግን የሚያክሙት የምን መርዝ እንደሆነ አያውቁም። ከፋብሪካው በኩል ያገኙት ምላሽ ጋዙ ዓይን የሚያቃጥል እንጂ ገዳይ እንዳልሆነ፣ በውሃ መታጠብም እንደሚበቃ የሚገልጽ ነበር። ስለዚህ የዓይን ጠብታም ኦክስጅንም፣ በእጃቸው ያለውን ሁሉ ሰጡ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን «ትርምስ» ብለው ያልፉታል፤ ፍርዱ ሚዛናዊ አይመስለኝም። ትርምሱ የመጣው ከሐኪሞቹ ድክመት ሳይሆን መረጃ ከተነፈጋቸው ነው።

ሬሳ የመረመሩት የኮሌጁ የፎረንሲክ ሕክምና ፕሮፌሰር ሂሬሽ ቻንድራ የሟቾቹ ደም ከወትሮው የቀላ መሆኑን አስተዋሉ፤ ሳያናይድንም ጠረጠሩ። ለሳያናይድ ደግሞ የታወቀ ማርከሻ አለ፦ ሶዲየም ታዮሰልፌት። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ሳያናይድ ከተጠረጠረ ይኸው መድኃኒት እንዲሰጥ መጀመሪያ ቢጠቁምም፣ ኋላ ምክሩን ሳበው። የክፍለ ሀገሩ የጤና ባለሥልጣናትም መድኃኒቱ በስፋት እንዳይሰጥ አገዱ። የህንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ታዮሰልፌት እንዲሰጥ የመከረው በ1985 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ወሳኝ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ ስንቱን ሊያድን ይችል እንደነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል። በእኔ ግምት ግን ክርክሩ ገና ከጅምሩ የሕክምና ብቻ አልነበረም። «ሳያናይድ» የሚለው ቃል ከተጠያቂነትና ከካሳ ጋር ስለተቆራኘ፣ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሊወሰን የሚገባው ነገር በቢሮ ተወሰነ። ካሳው በ1989 እ.ኤ.አ. በ470 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። መንግሥት መጀመሪያ 2,259 ያለው የሟቾች ቁጥርም ኋላ ወደ 3,787 ከፍ ብሎ ተመዘገበ።