ክሪክና የጎማ መፍቻ፦ ከጋሪ ሥር እስከ ቤት ግቢ

ክሪክ መኪናን በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ቪላር ደ ኦንኩር በንድፍ ደብተሩ ላይ ከባድ ሸክም በጠመዝማዛ የሚያነሣ መሣሪያ ስሏል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ጥርስ የወጣለትን ዘንግ በማርሽ ወደ ላይ የሚገፋ ክሪክ በማስታወሻዎቹ ውስጥ ትቷል። ሁለቱም ዘዴዎች ዛሬም አልሞቱም፤ ዛሬ ከአነስተኛ መኪና ጋር የሚሰጠው ተጣጣፊ ክሪክ የሚነሣው በጠመዝማዛ ነው።

መንኮራኩር አውልቆ መልሶ መግጠም የተለመደ ሥራ የሆነው ደግሞ ገና የአየር ጎማ ሳይኖር ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካዋ ፔንስልቬንያ ጭነት ያመላልሱ የነበሩት የኮኔስቶጋ ጋሪዎች ይህን በደንብ ያሳያሉ። የመንኮራኩሩ እምብርት በአክስሉ ላይ ሲሽከረከር ካልተቀባ ይግላል፣ ይበላል። ስለዚህ ጋሪ ነጂው የቅባት ዕቃውን ከጋሪው ኋላ አንጠልጥሎ፣ ክሪኩን ጭኖ ይጓዝ ነበር። ክሪኩ አካሉ ወፍራም እንጨት፣ ውስጡ ጥርሳም የብረት ዘንግ ሲሆን በእጅ እየተዘወረ ይነሣል። አንጥረኞቹ ብረቱ ላይ የተሠራበትን ዓመትና የባለቤቱን የስም ፊደላት ይቀርጹ ስለነበር፣ በየሙዚየሙ ያሉት ክሪኮች ዕድሜያቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። መፍቻ ግን አያስፈልግም ነበር፤ መንኮራኩሩን የሚይዘው አንድ ካስማ ብቻ ነው።

በመካከሉ ውሃ፣ በኋላም ዘይት ጉልበት ሆነው መጡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስረዳውን የፈሳሽ ግፊት ሕግ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 ወደ መጭመቂያ መሣሪያነት ለወጠው። በ1851 ደግሞ ከስኮትላንድ ወደ ኒው ዮርክ የሄደው ሪቻርድ ደጀን ከቦታ ቦታ የሚዞር የሃይድሮሊክ ክሪክ የፈጠራ መብት አገኘ። አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሹ ፒስተን 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖራቸው ትንሹ ላይ ያረፈው ጉልበት በትልቁ ላይ 20 እጥፍ ይሆናል። የማንሻው እጀታ ጉልበቱን አስቀድሞ 10 እጥፍ ካደረገው፣ 20 ኪሎ የሚገፋ ክንድ በወረቀት ላይ 4 ቶን ያነሣል። ዋጋው የሚከፈለው በርቀት ነው፤ እጀታው ብዙ ይወርዳል፣ ሸክሙ ጥቂት ይነሣል። ደካማ ጎኑም ከመጀመሪያው አብሮት የተወለደ ነው፦ ሸክሙን የያዘው ፈሳሽ ስለሆነ ጎሚኒው ሲያረጅ ወይም ቫልቩ ሲቆሽሽ ክሪኩ በዝግታ፣ አንዳንዴም በድንገት ይወርዳል።

አየር የተሞላ ጎማ ለመኪና ሲደርስ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። የሚሽለን ወንድማማቾች በ1895 በፓሪስ–ቦርዶ–ፓሪስ ውድድር የአየር ጎማ የተገጠመለት መኪና አሰለፉ፤ ጎማው ደጋግሞ ቢተነፍስም መንገዱ ተከፈተ። በዚያ ዘመን ቸርኬው ከመኪናው አይፈታም። ነጂው መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ እዚያው ላይ ጎማውን በማንሻ ብረት እየፈለቀቀ፣ ከመነዳሪውን አውጥቶ፣ ለጥፎ፣ መልሶ በእጅ ፓምፕ ይነፋል። ክሪኩ ያኔ ዋና መሣሪያ አልነበረም፤ መከራው ሁሉ ማንሻ ብረቱ ላይ ነበር። በዌልስዋ ላኔሊ ከተማ በ1904 የተጀመረው ስቴፕኒ የተባለው ትርፍ ጎማ ትንሽ አቃለለው፦ ቀድሞ የተነፋው ጎማ በተነፈሰው ጎን በመያዣ ይታሰርና ጉዞው ይቀጥላል። ብልሃት ነው፤ መፍትሔ ግን አልነበረም።

መፍትሔው የታየው በሰኔ 1906 በለ ማን በተካሄደው የመጀመሪያው የፈረንሳይ ግራን ፕሪ ላይ ነው። ሬኖን ጨምሮ ጥቂት ቡድኖች የሚፈታ የሚሽለን ቸርኬ ይዘው ቀረቡ። ሌሎቹ ጎማ ለመቀየር ሩብ ሰዓት ያህል ሲፈጅባቸው እነዚህ ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ብሎን ፈትተው ሌላ ይገጥሙ ነበር፤ ሬኖውን የነዳው ፌረንትስ ሲስ አሸነፈ። ቀጥሎ በእንግሊዝ ራጅ ዊትዎርዝ መሐሉ በአንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ የሚታሰር፣ በመዶሻ ተመትቶ የሚላላ የሽቦ መንኮራኩር አወጣ፤ የስፖርት መኪኖች እስከ 1960ዎቹ ድረስ ተጠቅመውበታል። አዲሱ ነገር ግን ለሁሉም ቶሎ አልደረሰም። ከ1908 ጀምሮ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው የፎርድ ሞዴል ቲ የሚፈታ ቸርኬ በአማራጭነት ያገኘው በ1919 ነው። እስከዚያ የአሜሪካ ገበሬ ጎማውን መንገድ ዳር ተንበርክኮ ይፈለቅቅ ነበር።

የተጠባባቂ ጎማ፣ የክሪክና የመፍቻ ሦስትነት ከመኪናው ጋር አብሮ መሸጥ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጎማ መቀየርም የባለሙያ ሹፌር ሳይሆን የባለቤቱ ሥራ ሆነ። መኪናው ከፊትም ከኋላም ጠንካራ አክስል ስለነበረው ክሪኩን የት እንደሚያስቀምጥ ማንም አይሳሳትም፦ አክስሉ ሥር። ነገሩ የተወሳሰበው አክስሉ ሲጠፋና ሻንሲው ከቦዲው ጋር አንድ ሲሆን ነው። ማንሻ ቦታው ተለየ፤ ክሪኩም አብሮ ተለወጠ። ቮልስዋገን በሁለቱም ጎን ከሥር የቱቦ ቀዳዳ አበጀ፤ የክሪኩ ክንድ እዚያ ገብቶ የመኪናውን አንድ ጎን ያነሣል። ፊያትን መሠረት ያደረገው ላዳም ተመሳሳይ የጎን ክሪክ ይዞ መጣ። አሜሪካኖቹ ግን ፓራውልቱን የሚያነሣ ረጅም ጥርሳም ክሪክ መረጡ። ከክሪኮች ሁሉ መጥፎው እርሱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። መኪናው ከፍ ብሎ በአንዲት ጠባብ እግር ላይ ስለሚቆም ትንሽ ንቅናቄ ይጥለዋል። በ1970ዎቹ ግጭት የሚችል ፓራውልት ግዴታ ሲሆን፣ በኋላም ፕላስቲክ ሲሸፍነው፣ ክሪኩ የሚይዘው ነገር አጣና ቦታውን ለተጣጣፊው ክሪክ ለቀቀ።

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው መኪና የገባው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሌይ የተባለውን መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰ። ጎማ ፈትቶ መግጠም ግን በአገሩ ሙያ የሆነው ከጣሊያን ወረራና ከተቀየሱት አውራ ጎዳናዎች በኋላ፣ ትሬንታ ኳትሮ፣ ቀጥሎም ኤንትሬ በሚባሉት የጭነት መኪኖች ዘመን ነው። ሥራው የረዳቱ ነበር። ዳገት ላይ ታኮ መወርወር፣ ጠርሙስ መሰሉን የሃይድሮሊክ ክሪክ አክስል ሥር መትከል፣ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ቆሞ መርገጥ ከረዳትነት የሚወጣ ሁሉ የሚያልፍበት ትምህርት ነበር። በብዙ የቆዩ የጭነት መኪኖች በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚላሉት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ መንኮራኩሩ ወደፊት ሲዞር ዳዶውን እንዳያላላው ታስቦ የተሠራ ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ሊፈታ ሲታገል ያጠብቃል፣ ወይም ብሎኑን ይቆርጣል።

ከተማው ውስጥ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በየመንገዱ ጎሚስታ ስለተስፋፋ የአዲስ አበባ ባለመኪና በግቢው መሣሪያ የማሟላት ልማድ ብዙም አላዳበረም። ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክና መፍቻ ይበቃው ነበር፤ መኪናው እጅ በእጅ ሲሸጥ መፍቻው የሌላ መኪና ሆኖ መገኘቱ ግን የተለመደ ነው። የላዳ ጎማ የሚታሰረው ባለ 19 ቁጥር ራስ ባላቸው አራት ብሎኖች ነው። የቶዮታ ኮሮላ ግን ብሎኑ እምብርቱ ላይ የተተከለ ሆኖ ባለ 21 ዳዶ ይገባበታል። አራት አፍ ያለው የመስቀል መፍቻ የተስፋፋው ይህን ልዩነት በአንድ ብረት ለመሸፈን ነው፤ በሁለት እጅ ስለሚዞርም ጉልበቱን እኩል ያከፋፍላል።

የጎሚስታው በአየር የሚሠራ ፈቺ መሣሪያ ሌላ ችግር ፈጠረ። የኮሮላ ዳዶ በፋብሪካው መመሪያ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ያህል መግፋት ማለት ነው። የአየር መሣሪያው ሳይለካ ከዚህ አብልጦ ካጠበቀው በአጭሩ የፋብሪካ መፍቻ መፍታት ይከብዳል። 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም እጀታ የሚፈለገውን ጉልበት በግማሽ ይቀንሰዋል። ሲገጠም ደግሞ ልክ ሲደርስ የሚጮኸው መለኪያ ያለው መፍቻ ቢኖር ይመረጣል። ሕጉም አይለወጥም፦ ዳዶው የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ነው፤ የመጨረሻው ማጥበቅም መኪናው ከክሪኩ ከወረደ በኋላ በተቃራኒ ማዕዘን እየተቀያየረ ይሠራል።

ባለ ጎማው የጋራዥ ክሪክ ወደ ግለሰብ ቤት የገባው ዘግይቶ፣ በእስያ ፋብሪካዎች በርካሽ መመረት ሲጀምር ነው። ለቤት መኪና ብልጫው ከዝቅታው ይመጣል። ጠርሙስ መሰሉ ክሪክ ሙሉ በሙሉ ወርዶም ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው፤ ጎማው የተነፈሰ አጭር መኪና ሥር አይገባም። ለፒክአፕና ለላንድክሩዘር ግን አሁንም ከእርሱ የተሻለ ርካሽ ነገር የለም። ባለ ጎማው ክሪክ ደግሞ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ይፈልጋል፤ አፈር ላይ ይሰምጣል፣ ኮብልስቶን ላይ ይሰናከላል።

ከሁሉ ዘግይቶ የተለመደው መኪናውን ካነሡ በኋላ የሚያቆሙበት መደገፊያ ነው። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም፤ ሥሩ ለሚገባ ሰው ዋስትናው ባለ አራት እግሩ ብረት ነው። ለዘመናት ድንጋይና ግንድ፣ የባሰም ብሎኬት፣ ይህን ቦታ ይዘዋል፤ ብሎኬት ጫና ሲበዛበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ፋብሪካ የሠራው መደገፊያም ከስህተት አላመለጠም፦ በ2020 በአሜሪካ በብዛት የተሸጡ መደገፊያዎች ጥርሱ በሸክም ሥር ሊለቅ እንደሚችል በመታወቁ ከገበያ እንዲመለሱ ተደርጓል። በወፍራም ካቪላ የሚቆለፈው ዓይነት ለመግዛት የሚሻለው በዚህ የተነሣ ነው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በአዲስ አበባ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ታሪኩን እንደገና ቀይረውታል። ወለላቸው ባትሪ ስለሆነ ክሪክ መትከል የሚቻለው በመመሪያው በተመለከቱት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው፤ ከእኩዮቻቸው የነዳጅ መኪኖች ስለሚከብዱም የቤንዚን መኪና ቀላል ክሪክ አይበቃቸውም። ብዙዎቹ ተጠባባቂ ጎማም ክሪክም ይዘው አይመጡም፤ በምትኩ ያለው የማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ የአየር ፓምፕ ነው። ፈሳሹ በጎማው ጎን የተቀደደን አይደፍንም፤ ስለዚህ ከከተማ ርቆ የሚሄድ ባለቤት ተጠባባቂ ጎማ፣ ለመኪናው ክብደት የሚመጥን ክሪክና ልኩ የሆነ መፍቻ ለብቻው መግዛት ይኖርበታል።