ኦክስጅን ከአልጋ ሲወርድ

ብዙዎቻችን ኦክስጅንን የምናውቀው ከሆስፒታል አልጋ ጎን በቆመ ረጅም ሲሊንደር ነው። ልንጠይቅ ገብተን ቱቦውን በታማሚው አፍንጫ ላይ ስናይ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ በልባችን "አለቀለት" እንላለን። ይህ ፍርሃታችን ጊዜው ያለፈበት ነው። እስቲ ኦክስጅን ከአልጋ ወርዶ መንገድ የጀመረበትን ታሪክ እናውጋ፤ ሳንባቸው ጠባሳ ለሆነባቸው ሰዎች ለምን እንደዘገየም እንይ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ በሽታው። ቁስል በቆዳ ላይ ጠባሳ እንደሚተው ሁሉ ሳንባም ጠባሳ ያወጣል፤ ሐኪሞች ፐልሞናሪ ፋይብሮሲስ ይሉታል። ስስ የነበረው የአየር ከረጢቶች ግድግዳ ይወፍራል፣ ይደድራል፤ ኦክስጅን ወደ ደም መሻገር ያቅተዋል። ታማሚው ተቀምጦ ሲያወራ ጤነኛ ይመስላል፤ ደረጃ ሲወጣ ግን ትንፋሹ ይከዳዋል። በ2014 አሜሪካ ያጸደቀቻቸው ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ በሽታውን ያዘገዩታል እንጂ ጠባሳውን አያጠፉም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1917 ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጆን ሆልዴን በጦርነቱ በመርዝ ጋዝ ለተጎዱ ወታደሮች ኦክስጅን እንዴት እንደሚሰጥ ጻፈ። በ1920ዎቹ የኒውዮርኩ ሐኪም አልቫን ባራክ የኦክስጅን ድንኳን አሻሻለ። ድንኳኑ ነፍስ ያተርፋል፤ ታማሚው ግን ከአልጋው ንቅንቅ አይልም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቶማስ ፔቲና ባልደረቦቹ በዴንቨር ፈሳሽ ኦክስጅን በምትያዝ ዕቃ ሞልተው ታማሚዎቻቸውን "ተነሡ፣ ተራመዱ" አሏቸው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ የሳሳ ከተማ ናት። አዲስ አበባችን ከእሷም ትበልጣለች፤ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ትልቁ ማስረጃ የመጣው በ1981 ከብሪታንያ ነው። 87 ታማሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን ከወሰዱት 42 ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ 19 ሞቱ፤ ካልወሰዱት 45 ደግሞ 30። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ሲጋራ የሚያመጣው የአየር ቧንቧ መጥበብ የያዛቸው ነበሩ። ባለ ጠባሳዎቹ በዚያ ጥናት አልነበሩም። ለዓመታት ኦክስጅን ሲታዘዝላቸው የኖረው በጎረቤት በሽታ ማስረጃ፣ በውሰት ነው።

የራሳቸው ጥናት በ2018 ከብሪታንያ ወጣ። 84 ሰዎች ተካፈሉ፤ ሁሉም ሲቀመጡ ደህና፣ ሲራመዱ ኦክስጅናቸው የሚወርድ። ሁለት ሳምንት ይዘውት፣ ሁለት ሳምንት ትተውት ኖሩ። ሲይዙት ትንፋሻቸው ቀለል፣ ኑሯቸው ሻል አለ። በ2020 የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር ዕረፍት ላይ ሳሉም ኦክስጅናቸው በጣም ለሚወርድባቸው በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ይሰጥ ሲል አጥብቆ መከረ፤ ማስረጃው ደካማ መሆኑንም አልደበቀም።

ኦክስጅን የባለ ጠባሳውን ዕድሜ ያረዝማል? አልተረጋገጠም። ሕክምና ሞትን መቁጠር ይቀለዋል፤ በገዛ እግር ወጥቶ ዳቦ ገዝቶ መመለስን መቁጠር ግን ዘግይቶ ተማረ። ሲሊንደሩ ይከብዳል፣ የሰው ዓይንም አለ። እንግዲህ ቱቦ ያደረገ ሰው መንገድ ላይ ስናይ "አለቀለት" አንበል። ሰውዬው ገበያ እየሄደ ነው።